በሶው ከማን ጓዳ ወጣ?

ይድረስ ለአንኮበሩ ሹም ለክቡር ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት፤

ጤናዎ እንደ አምባው የጸና፣ እንቅልፍዎም የሰመረ ይሁን። እኛ፣ ከቀበርነው ከወንድሜ ከወልደአረጋይ በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በደጀ ሰላሙ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን ደግነትዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፦ በቀብሩ ማግስት «የሰላይ ተረት ለልጅ መርዝ ነው፤ ሟቹንም የገደለው የገዛ ተረቱ ነው» ብለው፣ ወንድሜ ለትንንሾቹ ተማሪዎች የጻፈውን ብራና በፊታችን ስላቃጠሉልን እናመሰግናለን። የገረመኝ ብራናው ከእርስዎ እጅ መውጣቱ ነው፤ ለካስ ከፋሲካ በፊት አስወስደው ሲያነቡት ኖሯል። ተረቱ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ እየለመነ የጠላትን ቤት ምሥጢር ስለሚያዳምጥ ተማሪ ነበር። ቆሎ ተማሪን ማን ይጠረጥራል?

ሁለተኛ፦ እኛ የቆሎ ተማሪዎች የምንለምነው እዚሁ አንኮበር ዙሪያ ነው። ወንድሜ የሞተው ግን መዘዞ፣ በመሬት ከሚሟገትዎ ሰው ደጅ ነው። ተረት እግር አውጥቶ እዚያ ድረስ ከመራው፣ እውነትም አደገኛ ተረት ነው።

ሦስተኛ፦ አስከሬኑን ያመጡልን የመዘዞ ቄስ እንደ ነገሩን፣ የሰውዬው ሎሌዎች የልመና አኩፋዳውን ሲበረብሩ በቅቤና በቅመም የታሸ በሶ አገኙ። ቁራሽ የሚለምን ተማሪ ስንቅ አይቋጥርምና «ሰላይ ነህ» ብለው በዱላ ደበደቡት። ድኻዋ እናታችን ወይዘሮ በሰለች በሶ የምታሽበት ቅቤ ከየት አምጥታ? የተቋጠረበት ቁራጭ ጨርቅም ቀይ ጥለት አለው፤ እርስዎ በበዓል የሚለብሱትን ኩታ ጥለት ይመስላል። መምሰሉን ብቻ ነው የምናገረው፤ ሰውን መጠርጠር ኃጢአት መሆኑን መምህራችን አስተምረውኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ተረቱን እስከ መጨረሻው አለማንበብዎ ነው። የተረቱ ልጅ ጌታው ስንቅ ሲሰጠው «ይህ ያስገድለኛል» ብሎ ይመልሳል፤ ተርቦ ይሄዳል፤ በሕይወትም ይመለሳል። ወንድሜ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ የጻፈው እሱ ነውና። የሹም ስጦታ ግን እንዴት ይመለሳል?

ስለዚህ ተረቱ ለልጆች የሚስማማ መሆኑን በትሕትና እመሰክራለሁ። የማይስማማው ለሹማምንት ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜን ተረት አለመግደሉን፣ ብራናውን ባቃጠሉበት በዚያው አደባባይ ይንገሩልን።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የሚያስታውሱት ብዙ ነውና።

በደጅዎ ሲያልፍ አንገቱን የሚደፋው
ተማሪ ገብረአብ

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት ከተማሪዎቹ ለትንሹ፣ ለይሁኔ፣ አዲስ ለምድና በሶ እንደ ሰጡት ሰምተናል። ብራናው ቢቃጠልም እኛ የምንማረው በቃል ነውና መጨረሻውን አስጠንቼዋለሁ። በሶውን ለወንድሜ ነፍስ ይማር ብለን በላነው። ለምዱን መልሰናል። ልጁ አይመጣም።