ከጠረጴዛው ሥር የነበረው ቋንቋ

ኅዳር 3

የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አዲሱን አዳራሽ አስመረቀ። ንግግር አድርጌ ተመለስኩ። እንደ ወትሮው፦ ክቡር ሚኒስትር፣ ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ እንግዶች... ከፍርድ ቤት ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያለዚህች መክፈቻ አፌ አይላቀቅም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልክ ተደወለ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ። ድምፅዋ ከሻከረ ወራት አልፎታል፤ ብርድ ነው ስትል ከርማ ነበር። የምርመራው ውጤት ዛሬ ደረሰ። ብርድ አይደለም። ማንቁርቷን ሊያወጡት ነው፤ ቀጠሮው ታኅሣሥ መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ትበላለች፣ ትራመዳለች፣ ትኖራለች። መናገር ግን...

ዕድሜዋን ሁሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና ስትጮህ ኖራለች፤ ቅጣቱ አሁን መጣ አለችኝ። እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? «ይግባኝ የለውም ወይ?» ሳቀች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሰው ምን ይላል?

ኅዳር 5

እሷ ቤት ሄድኩ። ከእኔ ይልቅ የተረጋጋችው እሷ ናት። ልወጣ ስነሣ ከወንበሯ ሆና «ሙቢ» አለችኝ።

ቆምኩ። ከልጅነት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ቃል። እግሬ ግን ቀድሞኝ ወደ ማድቤት አመራ፤ ውኃ ቀድቼ አመጣሁላት።

እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። እትዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድማችን የምንውለው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ ጨርቁ እስከ ወለል ወርዶ ይጋርደናል። አንድ ቀን እትዬ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ጥንታዊ ሕዝብ ይኖር እንደነበር አወጀች። ቅድመ አያቶቻችን እነሱ ናቸው። ቋንቋ ነበራቸው፤ የምናውቀውም እኛ ብቻ ነን። ማን ይከራከራታል? ያኔም ዳይሬክተር ነበረች። እናታችን «ረረም» ተባለች፣ በስፌት መኪናዋ ድምፅ።

ውኃውን የጠጣችው ጉሮሮዋን ይዛ ነው። «እነዚያን የቁም ሣጥኑን ሰዎች የወለድኳቸው እኔ ነኝ። ይዣቸው ዝም ማለት አልፈልግም። አፌ ሳይዘጋ ቃላቸውን ሰብስብልኝ። ያንተ ሥራ መመርመር አይደል?»

ተቀበልኩ።

ኅዳር 9

ሥርዓት ያለው አሠራር ያስፈልጋል። ወሰንኩ፦ ምስክሮቹ ሦስት ናቸው፤ ለየብቻ ይሰማሉ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ቃል ይጸድቃል። መጀመሪያ መሠረታዊዎቹ፦ ውኃ፣ እሳት፣ እናት፣ እጅ፣ ጫማ፣ ና፣ ሂድ፣ ጨለማ። የራሴን ቃል ከሁሉም በፊት ጽፌ ፖስታ ውስጥ አሸግሁት። ዳኛም ምስክርም መሆን በሕግ አይፈቀድም... ምን ላድርግ?

ለታናሻችን ደወልኩ። የእግር ኳስ ዳኛ ስለነበረ ሰው ሁሉ ፊሽካ ይለዋል። በአንድ ቤት ሁለት ዳኛ፤ ልዩነታችን እሱ በአደባባይ ሲሰደብ እኔ በሌለሁበት መሰደቤ ነው። እስኪበቃው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የምትመረምረው ቃል ነው ወይስ ሌባ?»

ኅዳር 14

እሳት። እትዬ «ጥሽሽ»፣ ፊሽካ «ጥሺ»። እሱ ቤት የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ትኩስ ሻይ ሲያዩ «ጥሺ» ይላሉ፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም። የእኔ ፖስታ «ጥሽ» ይላል። ወንድማማች ቃላት ናቸው፤ አባታቸው ማን ነው? እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ የእናታችን ካውያ ትዝ አለኝ። «ጥሽሽ» ጸደቀ። ደስ አለኝ። ሳላፍር ልጻፈው፤ ከብዙ ትልልቅ ፍርዶቼ ይልቅ ደስ አለኝ።

አንዱ ግን አስቸገረኝ። መብራት ሲጠፋ፣ ጠረጴዛው ሥር ሲጨልም የምንለው ነገር ነበር። «አለሁ» እንደማለት። እትዬ ከሁሉ አስበልጣ የምትፈልገው እሱን ነው። «አልሞ» ነበር አለች። ፊሽካ «ሩሩ» ነው ብሎ ማለ። የእኔ ወረቀት እዚያ ላይ ባዶ ነው። «አልተረጋገጠም» ብዬ ዘጋሁት።

ኅዳር 19

ድምፅዋ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆኗል። ፊሽካ በስልክ እንቅረጸው አለ። አልፈለገችም፤ እንዲቀር የምትሻው ቃሉን ነው እንጂ የታመመ ድምፅዋን አይደለም። «ጨለማ» አልተገኘም። «ና»ም አልተገኘም። ቀኑ ግን እየሮጠ ነው።

ኅዳር 24

ተቆጣችኝ። በሹክሹክታ የሚቆጣ ሰው እንዲህ ያስፈራል?

ከፊሽካ ጋር ስለ ቃላቱ እንዳታወራ መከልከሌን አንስታ፣ እስረኞች ነን ወይ አለችኝ። ምስክር ከምስክር ከተመካከረ ቃሉ እንደሚበከል፣ የማስረጃ ሥርዓት መሆኑን አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ክቡርነትዎ፣» አለች። ልትነቅፈኝ ሲያምራት የምትጠራኝ እንዲህ ነው። «ለመሆኑ ያንን ቋንቋ ብቻውን ሆኖ የተናገረ ሰው አለ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ምስክር ስለያይ ኖሬ እህትና ወንድሜንም ለያየሁ። በፍርድ ቤት ልክ የሆነው ሁሉ በቤትም ልክ ይሆናል ያለኝ ማን ነው?

ኅዳር 26

የእትዬ ቤት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አልጋ ልብስ ጣለችበት፣ እስከ ወለል። ገባን። ሦስት አዛውንት... ፊሽካ ጉልበቱ መግባቱን እንጂ መውጣቱን እንደማያውቅበት አስጠነቀቀ።

ስብሰባውን በወጉ ከፈትኩ። ክብርት የቁም ሣጥኑ ሕዝብ እናት፣ ክቡር የመስመር ዳኛ... «ዋና ዳኛ» ብሎ አረመኝና በክርኑ ገፋኝ። «ዝቡር!» አልኩት። ወደዚያ ጠጋ በል ማለት ነው። ከየት መጣ? ከጻፍኳቸው ውስጥ እንኳ አልነበረም። ከዚያማ በረት እንደተከፈተለት ጥጃ ነው፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ፣ አንዳችን በሌላችን አፍ እየገባን። «ጨለማ» መጣ። «ና» መጣ። ማንም የማያስታውሰው ስድብ ሳይቀር መጣ። የእትዬ ልጅ ከሥራ ስትገባ አልጋ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየችን፤ ይቅርታ ጠይቃ መልሳ ሸፈነችን።

ጠረጴዛው ሥር ጨለመ። እትዬ በሹክሹክታ፣ «አልሞ?»

ፊሽካ ሳያስብ፣ «ሩሩ።»

ጥያቄና መልስ ናቸው። «አላችሁ?» «አለሁ።» ሁለቱም በእውነት መስክረው ነበር፤ ያጋጨኋቸው እኔ ነኝ። እኔስ? ተራዬ ሲደርስ እጄ በራሱ ሄዶ የጠረጴዛውን እግር መታ። ኳ፣ ኳ። ጨለማ የምፈራ ልጅ ነበርኩ፤ ድምፄ አልወጣ ሲለኝ የምመልሰው እንዲህ ነበር። ወረቀቴ ባዶ የሆነው ስለረሳሁ አይደለም። ቃል ስላልነበረኝ ነው።

እትዬ፣ ሦስተኛው ምስክር ቀረበ አለች። እጄን ይዛ ቆየች።

ኅዳር 30

ሆስፒታል አደረስናት። መንገዱን ሁሉ ያወራነው በዚያው ቋንቋ ነው። የታክሲው ሾፌር በመስታወት እያየን የየት አገር ሰዎች እንደሆንን ጠየቀ። ፊሽካ ከቁም ሣጥን ኋላ ነን አለው። ሰውዬው እዚያ ዘመድ እንዳለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

አልጋዋ ላይ ሆና «ሙቢ» አለችኝ። ከቀዶ ሕክምና በፊት መጠጣት ክልክል ነው አልኳት።

«ቢሆንም ገብቶሃል» አለች።

ታኅሣሥ 1

ከቀዶ ሕክምናው ወጣች። ደህና ናት አሉን። አላየናትም።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ እኛንም አስገቡን። አንገቷ ላይ ፋሻ፣ ትንሽ ቱቦ። ዐይኗን ጨፍናለች። የምትጽፍበት ሰሌዳ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ነርሷ እንደነገረችን ከነቃች ጀምሮ አልነካችውም፣ ለማንም በምልክት እንኳ አልመለሰችም። ልጅዋ ስታባብላት አድራ ደክሟታል።

ፊሽካ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲሰድበው ያልተበገረው፣ በሩ ላይ ቀረ። እኔ ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ። ምን ይባላል? የሚባል ነገር ሲያልቅብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«አልሞ?» አልኩ።

ከበሩ በኩል፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «ሩሩ።»

የቱቦው ትንፋሽ ብቻ። እንግዲህ አልሰማችንም አልኩ በልቤ።

ከአልጋው ብረት ላይ፦ ኳ፣ ኳ።

ዐይኗን አልገለጠችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ቆይታ እጇን ዘረጋች፤ ሰሌዳውን አቀበልኳት። «ዝቡር» ብላ ጻፈች። ብርሃኗን ጋርጄባት ኖሯል።

ቤት ገብቼ መዝገቡን አስተካከልኩ። «አለሁ»፦ ሩሩ፤ ድምፅ ለሌለው፣ ሁለት ጊዜ ማንኳኳት። ሦስቱም ምስክሮች በአንድነት ተሰምተዋል። ጸድቋል።

ጉባኤ ስዘጋ እንደማደርገው ልዝጋው። ለክብርት እህታችን፣ ለክቡር ዋና ዳኛ፣ አልጋ ልብሱን መልሳ ለሸፈነችልን ልጃችን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ለቁም ሣጥኑ ሕዝብም በአዲሱ አነጋገራቸው ረጅም ዕድሜና መልካም የሥራ ዘመን እመኛለሁ።