የካቲት ሠላሳ የተያዘው ወፍ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ አባዬ። ሰላምታዬ ከፒያሳ ተነስቶ ደሴ እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ ለአንድ ለሚፈጥን ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት እየተቀቡ ነው ወይስ አሁንም «ይሸታል» ብለው መስኮቱ ላይ ትተውታል? ጆሮዎስ? ስልኩን በቀኝ በኩል መያዝ ለመዱ ብሎ ወንድሜ አብዱረህማን ሲነግረኝ ደስ ብሎኛል። ብርዱ ገብቷልና ለሱብሒ ሲወጡ ያንን ወፍራሙን ጋቢ ይደርቡ። ለጁምዓ ብቻ ተብሎ የተገዛ ጋቢ የለም።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ደክሞኛል። እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነው። ፒያሳም እርስዎ መጥተው እንዳዩዋት አይደለችም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ስንወጣ አረፍ ያሉበት የሱቅ ደረጃ አሁን የለም። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል። እኔ የተከራየሁበት ግቢ ግን እስካሁን አለ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽም እንዳሉ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ያገኙኝና «ያቺ ወፍሽ ወጣችልሽ ወይ?» ይሉኛል። እኔም የታክሲውን ሰልፍ ላለማየት እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ እያዘገምኩ የምመልስላቸውን ሳስብ እሄዳለሁ።

ይህንን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ገና ከሰላምታው እርስዎ ራስዎ ስለ ወፏ ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር አባዬ። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት፤ አብዱረህማን ጮክ ብሎ እንዳያነብልዎ።

ወፏ ቀርታለች። በእማዬ ስም የምትጠራ ወፍ አትኖርም።

እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም ሰዎች ሲጠይቁዎት መልስ አጥተው እንዲቆሙ አልፈልግም። እኔ የምሠራበት ቤተ መዘክር ትንሽ ነው፤ መሳቢያዎቹ ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ተይዘው ሆዳቸው በጥጥ የተሞላ ወፎች በጀርባቸው ተኝተዋል፣ እግራቸው ላይም የት አገርና መቼ እንደተያዙ የሚናገር ትንሽ ወረቀት ታስሯል። ከእነሱ መካከል እነዚያ መንቁራቸው ቆልመም ያለ፣ አበባ የሚቀስሙ ትንንሾች አሉ። እማዬ አጥራችን ላይ ካለው እሬት ሲያርፉ «ዝም በሉ፣ እንግዳ መጣ» የምትልላቸው ናቸው። አንድ መሳቢያ ሙሉ የተያዙት ከእኛው አገር፣ ከቦርከና ዳር ነው። ወረቀታቸው ላይ ያለው ወር አንደኛና ሁለተኛ ወር ነበር፣ ዓመቱም ስልሳ አራት። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብለን አነበብነው።

በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ደግሞ በሌላው አገር ያሉት የዚሁ ወፍ ወንዶች ደረታቸው አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጭበት ጊዜ ነው። የእኛዎቹ ግን አቧራ የመሰሉ ግራጫ ናቸው፤ ክንፋቸውንም ስለካው አጠር ብሎ አገኘሁት። በአንድ ወር የሌላው አገር ወፍ ሙሽራ፣ የእኛው የሥራ ልብስ ለባሽ። ዝርያው ያው ሆኖ በአገሩ የተለየ ቤተሰብ፣ ንዑስ ዝርያ የሚባለው ነው አልኩ። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ለይቶ የጻፈ ሰው ስም የማውጣት መብት አለው። እኔም የማወጣው ስም አላሳሰበኝም። እኔ ተስኒም ሙሄ ነኝ፣ አብዱረህማንም አብዱረህማን ሙሄ ነው፣ የሱም ልጅ የሲን አብዱረህማን ነው። የእርስዎ ስም ከእኛ ኋላ አለ። እማዬ ወልዳን፣ አሳድጋን፣ ስሟ ግን ከማንም ስም ኋላ የለም። ለወፏ ልሰጣት የፈለግሁት ለዚህ ነበር።

ለኢድ መጥቼ «ረሂማኤ» ተብላ ትጻፋለች ስልዎ «ኤዋን ምን አመጣት?» ብለው የተቆጡት ትዝ ይለኛል። በላቲን የረሂማ ማለት ነው ብዬ እስካስረዳዎ ድረስ ስሟን ያበላሹባት መስሎዎት ነበር። ደግሞም ሌላ ነገር አስተዋልኩ፣ ያን ጊዜ አልነገርኩዎትም። እርስዎ እማዬን በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። በሕይወት እያለች «የልጆቹ እናት» ነበረች፤ ካለፈች ወዲህ ደግሞ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «እሷ» ብቻ ሆነች። የዚያን ዕለት ግን ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «ረሂማ ተብላ ወፍ ልትጻፍ ነው» እያሉ ሲናገሩ ከኋላዎ እየተከተልኩ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በየስልኩ ረሂማ፣ ረሂማ ይሉኝ ጀመር።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ጽሑፉን ወደ ውጭ አገር መጽሔት ልኬው አንድ ገምጋሚ አንብቦ መለሰልኝ። አመስግኖኛል፣ ጥቂት ቦታም አርሞኛል። መጨረሻ ላይ፣ የአንዱ ወፍ ቀን 30/2 ይላል፣ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለውም፣ የብዕር ስህተት ሳይሆን አይቀርም፣ አስተካክይው ወይም ይህንን ወፍ አውጥተሽ ጣይው አለ። ለእሱ ትንሽ ነገር ነበረች።

አባዬ፣ ያንን ወረቀት ስንት ዓመት አየሁት! ባየሁት ቁጥር በሆዴ «የካቲት ሠላሳ» እለዋለሁ። እኛ ፌብሩዋሪን የካቲት ነው የምንለው፣ የካቲት ደግሞ ሠላሳ አለው። ማን ነው የኛ ሰው በየካቲት ሠላሳ የሚደነግጠው? ፈረንጅ ቢሆን ገና ያኔ ይነቃ ነበር። እርስዎም ቢያዩት ሁለተኛ ወር ሲባል ጥቅምት ነው ብለው ያልፉት ነበር። የፈረንጁን ወር በእኛ ስም እየጠራሁ መሐል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያ ወፎቹን የያዘው ሰብሳቢ ፊደሉን ከፈረንጅ ወሰደ እንጂ ቀኑን የቆጠረው በእኛ ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፣ አንደኛው መስከረም ነው፣ ስልሳ አራቱም የእኛው ስልሳ አራት ነው። ምናልባት እያልኩ ሌሎች መሳቢያዎችን ከፈትኩ። በዚያው ሰው እጅ 5/13/63 የተጻፈበት አንድ ዋኔ አገኘሁ። ወር የሚያስቀድሙ ፈረንጆች አሉና እኛ ሜይ አሥራ ሦስት ብለን መዝግበነዋል። ጳጉሜ አምስት ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። የእኛዎቹን ትንንሽ ወፎች አውጥቼ ክንፋቸውን በማጉያ መነጽር ከሥር አየሁት። አዲስ የሚበቅለው ላባ ገና ተጠቅልሎ ከሚያድግበት ቱቦ አልወጣም። ክንፋቸው ያጠረው ላባ እየቀየሩ ስለነበር ነው። ክረምት እንደወጣ የሁሉም አገር ወንዶች እንደዚያው ግራጫ ናቸው። የተለየ ቤተሰብ የለም፤ ያው ወፍ ነው፣ ልብሱን ሳይቀይር የተያዘ።

ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የምትሠራው ጸሎት ስነግራት አዘነችልኝ። «ተስኒዬ፣ ሰውየው ራሱ ጣይው እያለሽ ምን አገባሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንዱን ወፍ ብቻ ባወጣው የቀሩት ቀኖች ምንም አይናገሩም። አለቃችን ዘርዓብሩክ ደግሞ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ «የአንድ ወፍ ነገር እኮ ነው» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከቤተ መዘክራችን አዲስ ነገር ይወጣል ብሎ ለበላዮቹ ተናግሯል፣ ለእኔም የደረጃ ዕድገት ጠይቆልኛል፣ እሱም እንደ እኔ ደክሞታል።

እኔም ላደርገው ነበር፣ አልደብቅዎትም። ስሟ የተጻፈበትን ገጽ ከፍቼ ያንን ወፍ ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። አንድ መስመር ነው የጎደለው፣ ጽሑፉ እንደውም አማረበት። ከዚያ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው መሳቢያውን ሲከፍት ታየኝ። ያ ሰው መንቃቱ አይቀርም፤ ሲነቃም ስሟን ይሽረዋል። የተሻረ ስም ደግሞ ከመጽሐፍ አይጠፋም፣ ይህ ስም ስህተት ነበር ተብሎ ዘላለም ከሥር ይጻፋል። እማዬን በስህተትነት ላስጽፋት ነው እንዴ? እኛ ቤት የቀረ የሰው ወንፊት ለመመለስ በዝናብ የምትወጣውን ሴትዮ? እንባዬ መጣ። ወፉን ዝርዝሩ ውስጥ መለስኩትና ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ከመጽሔቱ አነሳሁት፤ ለመጽሔቱም ምክንያቱን ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ዘርዓብሩክ ሰላምታ አልነሳኝም፣ ማኪያቶ አብረን መጠጣት ግን ቀርቷል። ዕድገቱም ለጊዜው ተቀምጧል። አሁን ሥራዬ የዚያን ሰው ወፎች አንድ በአንድ አውጥቶ ቀናቸውን ማስተካከል ነው። አሮጌው ወረቀት አይነካም፣ አጠገቡ አዲስ ይታሰራል። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ እጽፈዋለሁ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜ እያልኩ። ዐይኔ ይቃጠላል፣ ጀርባዬም እንደ እርስዎ ጉልበት ብርድ ያውቃል።

የመስጊዱ ሰዎች ምን ይሉኛል ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ልጄ አጣርታ ተወችው ይበሏቸው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ።

አብዱረህማንን ሰላም ይበሉልኝ፤ የጣራውን ቆርቆሮ ሳይዘገይ ያስመታ። ለባለቤቱ ለመሬማ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ የላከችልኝ በርበሬ እትዬ ጥሩነሽን ሳይቀር አስለቅሷል። የሲን ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስለ ወፏ ተናግሮ ነበርና እንዳያፍር፤ አጥሩ ላይ ያሉትን ወፎች መቼ ልብስ እንደሚቀይሩ አይቶ ይንገረኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

እማዬንም ሰላም ይበሉልኝ አባዬ። ሐሙስ ቀብሯ ዘንድ ለዱዓ ሲሄዱ «እሷ» ብለው አይለፏት። ተስኒም ሰላም ብላሻለች ረሂማ ይበሏት፣ ድምፅዎን አውጥተው። ወፏ ቀረች ብለው ስሟን እንደገና እንዳይተዉት።

ልጅዎ፣ የሙሄና የረሂማ ተስኒም

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት ሠላሳ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ አቆጣጠር