ግማሽ ሳህን ጎመን እና የተቆለፈው ክፍል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ጤናውን ያጣ ሰው በእርስዎ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው በቅርብ ስለማውቅ፣ እንኳን ለአለቃዬ ለጠላቴም ቢሆን ጤናውን አብዝቶ ይስጠው ብዬ የምጸልይ ሴት ሆኛለሁ።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ በልብስ ማጠቢያው ሕንጻ ምድር ቤት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሕሙማን የሚለብሱትን፣ ከኋላው ክፍት የሆነውን ያንን ጋውን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ አንሶላውንም፣ ሐኪሞች ለቀዶ ጥገና ሲገቡ የሚያጠልቁትን አረንጓዴ ልብስም እንዲሁ። በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ይዘው ስለተመለሱ፣ እርስዎን በየጊዜው በወረቀት ከማደክም አንድ ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት ላመስግንዎ ብዬ ይህችን ግልጽ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሒሳብ የሚያስተምር ታናሽ ወንድም አለኝ። እናትና አባታችን ቀድመውን ስለሄዱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እህቱም እናቱም ማለት ይቻላል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ እዚሁ እርስዎ ዘንድ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ባለፈው ዓመት ተመርምረን የኔ ኩላሊት ለእሱ እንደሚሆን ተነገረን። እልል ልል አፌን ስከፍት የንቅለ ተከላው ሐኪም እጁን አነሳና፣ «ቆይ እህቴ፣ ደስታውን ትንሽ እናሳድረው። በዚህ ክብደትሽ ቢላ አላሳርፍብሽም፤ ለማደንዘዣውም ለቁስሉም አደጋ ነው። ነገ በአንድ ኩላሊት የምትኖሪውም አንቺ ነሽ። ቀንሰሽ ነይ» አለኝ። ሐቁን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ስለሆነ በእሱ ቅሬታ የለኝም። እሱም ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ላከኝ፤ እሷም ባዶ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ መሐሉን ለሁለት ከፈለችው። «ግማሹን በአትክልት ትሞይዋለሽ። ዘይት አታበዢም። ሲርብሽ መጀመሪያ አትክልቱን ጨርሺ። በቃ ይኸው ነው» አለችኝ።

ይኸው ነው ስትለኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ክቡርነትዎን ከቁጥር አላስገባሁዎትም! ምስጋናዬም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ይቀርባል።

፩ኛ. ስለ ሠራተኞች ምግብ አዳራሽ። በምግብ ማውጫው መስኮት ላይ ያሰቀሉትን ትልቅ ፖስተር ባየሁ ጊዜ ዓይኔ በርቷል። ካሮቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሰላጣው አሁን ከጓሮ የተቀጠፈ ይመስላል፤ ከሥሩም «ግማሽ ሳህንዎን በአትክልት ይሙሉ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከፖስተሩ በታች ያለው ድስት ግን ፖስተሩን አላነበበም። ጥቅል ጎመኑ ዘይት ውስጥ ዋና ይለማመዳል፣ ካሮቱ ሰጥሞ ጫፉ ብቻ ይታያል። ምግብ አብሳይዋን፣ «እባክሽ እህቴ፣ ዘይቱ ሳይገባበት ለኔ ቀቅለሽ ትንሽ አስቀሪልኝ» ብላት፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና ብላ ፖስተሩን አየችና፣ «እኔስ ምን ከፋኝ? ግን ከላይ ትዕዛዝ ይምጣልኛ! ያለ ትዕዛዝ ቀቅዬ ነገ እኔው ልቀቀል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትዕዛዙን ፍለጋ ለአስተዳደር አመለከትኩ፤ መልሱም ከወትሮው በተለየ ፍጥነት ደረሰኝ። የተቀቀለ አትክልት በሐኪም ትዕዛዝ፣ አልጋ ይዘው ለተኙ ሕሙማን ብቻ እንደሚቀርብ በትሕትና ተገለጸልኝ። እንግዲህ ጤነኛ ሆኜ ለመገኘት የሚያስፈልገኝን ጎመን ለማግኘት አስቀድሜ ታምሜ መተኛት ይጠበቅብኛል ማለት ነው። መንገዱን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ እሳት አደጋ መከላከል። ጎመኔንና ካሮቴን ጧት ቤቴ ቀቅዬ በምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን የደኅንነት ክፍልዎ ሠራተኞች መጥተው በስፌት ክፍላችን ጥግ የነበረችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወሰዱ። ጨርቅ በተከመረበት ክፍል ምድጃ መኖሩ ትክክል እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በምትኩ ምግብ የሚሞቅበት ቦታ የት እንዳለ ስጠይቅ ግን «እሱ የኛ ክፍል ሥራ አይደለም» አሉኝ። ክቡርነትዎ የቀዘቀዘ የተቀቀለ ጎመን ቀምሰው ያውቃሉ? እርጥብ ፎጣ እንደማኘክ ነው። ስታገል ያዩኝ የልብስ ተኳሽ ባልደረባዬ፣ እኛ «ጋሼ እንፋሎት» የምንላቸው አዛውንት፣ «አምጪው እስቲ የኔ ልጅ» ብለው ምሳ ዕቃዬን በትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ ጎን ሸጎጡልኝ። ለጥቂት ቀናት እንደ ሰው ትኩስ በላሁ። አንድ ቀን ግን ከኛ ዘንድ ገና ተተኩሶ የወጣውን ልብስ የለበሰ ሐኪም ብብቱን አሽትቶ፣ «ዛሬ ጎመን የሆነው ማነው?» ብሎ በመተላለፊያው ሁሉ ሳቅ ሆነ። በማግሥቱ «ጠንካራ ሽታ ያላቸውን ምግቦች ወደ ሥራ ክፍል ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ በፊርማዎ ወጣ። በምሳ ሰዓት ከእርስዎ ፎቅ በደረጃው ቁልቁል የሚወርደው የተጠበሰ ሥጋ ሽታ «ደካማ» ተብሎ መመደቡንም ከዚሁ ማስታወቂያ ተረድቻለሁ። ጋሼ እንፋሎት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ጡረታቸው ሊደርስ ሲል ለሰው ደግ በመሆናቸው ፋይላቸው ውስጥ ወረቀት ገባ።

፫ኛ. ስለ ግቢ ውበት። በዋናው በር አጠገብ ሸራ ዘርግታ አትክልት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ስወጣ ጥሩ ጥሩውን ሰላጣ ከሥር አውጥታ፣ «ነይ የኔ ቀጭን!» ትለኛለች። ያኔ ገና አልቀጠንኩም፤ እሷ ግን ቀድማ አይታኝ ነበር መሰለኝ። ይህች ሴት የሆስፒታሉን ገጽታ ታበላሻለች ተብላ ተነሳች፤ በቦታዋም ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ያማረ ሱቅ እንዲሁም በትልልቅ ማሰሮ የተተከሉ አበቦች ተተኩ። አበባው ይበላ እንደሆነ የግቢውን አትክልተኛ ጠይቄው፣ «እትዬ፣ ይኼን እንኳን ሰው ፍየልም አይነካው» አለኝ። በሆስፒታሉ ውስጥ አትክልተኛ እንጂ አትክልት እንደሌለ ያወቅኩት በዚሁ አጋጣሚ ነው። አሁን ሰላጣ ፍለጋ ከሥራ በኋላ አውቶቡስ ይዤ፣ ቀሪውንም በእግሬ እሄዳለሁ። እርምጃው ለክብደት መቀነስ ጥሩ ነው ብለው አስበውልኝ ከሆነ ውለታዎ አይጠፋኝም።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት በእርስዎ የማላመካኘውን አንድ ነገር ልንገርዎ። ወንድሜ አትክልት አይበላም። ማለቴ፣ ተከልክሏል። ለኔ የታዘዘው ግማሽ ሳህን ለእሱ መርዝ ነው፤ ቲማቲሙ፣ ድንቹ፣ ቆስጣው ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚሉት ነገር በደሙ ተጠራቅሞ ልቡን ሊያቆምበት ይችላል ተብሏል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቲማቲም እንደ ፖም በጁ ይዞ እየገመጠ ሸሚዙን የሚያበላሽብኝ ልጅ ነው። አሁን ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እሱ የተመጠነችለትን ይዞ፣ እኔ የአትክልት ክምሬን ይዤ። እሱ የሚመኘውን እኔ እያንገሸገሸኝ እውጣለሁ። አንድ ቀን ተደብቄ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ስበላ ደረሰብኝና፣ «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «እንዳላስጎመጅህ ብዬ ነው» ስለው ክንዴን ይዞ ወደ ጠረጴዛው መለሰኝ። «ነይ ፊቴ ብዪ። ቢያንስ ሽታው ይድረሰኝ» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ጎመን ጠግቤ አላውቅም፤ ሰልችቶኝ ግን ያውቃል። በተቀመጥኩበት እንባዬ ሳህኑ ላይ ሲወርድ፣ እሱ «አሁን ጨው ጨመርሽበት፤ ጨውም እኮ ተከልክሏል» ብሎ አሳቀኝ። እንግዲህ ይህንን ልጅ ነው የማሳክመው።

እናም ቀነስኩ። ቀሚሶቼን በራሴ የስፌት መኪና ደጋግሜ አጠበብኳቸው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሚዛኑን አይታ ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። ሐኪሙም አዲሱን ውጤቴን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ጎበዝ! ከአንቺ የሚጠበቀው አልቋል» አለኝና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክፍሉ ግን ዝግ ነው» አለ።

፬ኛ. ስለ ክፍሉ። የድሮው የንቅለ ተከላ ክፍል ፈርሶ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። አዲሱ ተሠርቶ አልቋል፤ መብራቱ ተሰቅሏል፣ ማሽኖቹ ገብተዋል፣ ባለሙያዎቹም ሠልጥነው ተመልሰዋል። በበሩ መስታወት አጮልቄ አይቼዋለሁ፤ አልጋው ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። የተቆለፈበት ምክንያት፣ መርቀው የሚከፍቱት የክብር እንግዳ ጊዜ ስላላገኙ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔም በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ በአሳንሰሩ በር ላይ ተገናኘን፣ ያስታውሱኝ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እንዴ! አንቺ ነሽ? እንዴት አምሮብሻል! ምን እየበላሽ ነው?» አሉኝ። «ጎመን ነው፤ ክቡርነትዎ፣ ስለ ክፍሉ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ «በርቺ! በርቺ!» ብለውኝ በሩ ተዘጋ። እኔም እንደታዘዝኩት በርትቻለሁ።

እኔ ብበረታም ምርመራዎቼ ግን የሚያልፍባቸው ጊዜ አላቸው፤ ከዘገየን እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን ተብሏል። የወንድሜም ጊዜ እያለቀ ነው። መርፌው የሚገባበት የክንዱ ደም ሥር እየተበላሸ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ወድቆ ተማሪዎቹ ተሸክመው አወጡት። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ «እህቴ፣ በቃ ተይው። እንደፈለግሽ ብዪ፤ ሰውነትሽ እንዲህ የሚጎዳው ለማይከፈት በር ነው» አለኝ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼው አላውቅም። «አርፈህ ተኛ! እኔ በልቼ እዚህ ደርሻለሁ፣ አንተ ደግሞ ጠብቀህ ትደርሳለህ» አልኩት። ጠዋት ተነስቼ ጎመኔን ቀቀልኩ። እየቀቀልኩ የተቆጣሁት በእሱ እንዳልነበር ገባኝ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፖስተሩ ይሰቀል፣ አበባው ውሃውን ይጠጣ፣ ዘይቱም ድስቱን ይሙላው፤ እኔ ለምጄዋለሁ። ክፍሉን ግን ይክፈቱልን። ምርቃቱ ሥራው ከተጀመረ በኋላም ይደርሳል፤ እንዲያውም ያኔ እንግዳው የሚጎበኙት ሕይወት ያለው ሰው ያገኛሉ።

ጊዜዎን ሠውተው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ፣ ደጅዎን ስንጠና የሚያምር ወንበር ስላዘጋጁልን፣ ከሁሉም በላይ ሥጋዬን እንጂ ትዕግሥቴን የሚቀንስ አትክልት እንደሌለ በተግባር ስላስተማሩኝ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎና ታዛዥዎ፣
በልብስ ማጠቢያው ሕንጻ ምድር ቤት ከሚገኘው ስፌት ክፍል፣
የአንድ መምህር ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከቢሮዎ ትዕዛዝ ደረሰኝ። ለምርቃቱ በክፍሉ በር ላይ የሚወጠር ቀይ ሪባን ዳር ዳሩን ቀምቅሜ እንዳዘጋጅ፣ የክብር እንግዳው የሚመጡበት ቀን ግን ገና እንዳልተወሰነ ይገልጻል። ሪባኑን በዚያው ሰዓት ሰፍቼ ጨርሻለሁ። እንግዳው ካልተመቻቸው አይቸገሩ፤ መቀስም እኔው ዘንድ አለ፣ እጄም አይንቀጠቀጥም።