ከሰሜኑ ጎል ፊት ስለጠየቅኸው ቦታ

ውድ ዊልፍሬድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው በዚህ ቃል ስለሆነ ነው። ሌላ ትርጉም አትስጠው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሐኪሞቹ ከመጪው ሰኔ ያለፈ ተስፋ እንዳልሰጡህ አነበብኩ፤ አዘንኩ። ስትሞት አስከሬንህ እንዲቃጠልና አመድህን አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ሆነህ በቆምክበት በሰሜኑ ጎል ፊት እንድበትነው ጠይቀሃል። የሄርንዌል ሜዳ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ የበሩም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ መልስ የምሰጥህም እኔ ነኝ። በፊት ግን ያደረግኸውን ልንገርህ፤ በኮሚቴአችሁ ስብሰባ ላይ አላስጨረሳችሁኝምና።

ባለፈው ግንቦት አንተ አባል የሆንክበት የሊጉ ኮሚቴ የክለቦችን ድልድል ሲያወጣ ደቡቡ ምድብ አንድ ክለብ ጎደለው። ሁሉም ተጋጣሚ በግማሽ ሰዓት መንገድ ከሚገኝበት ከሰሜኑ ምድብ አውጥታችሁ እኛን ሄርንዌሎችን ወደዚያ ወረወራችሁን። የተጻፈው ምክንያት «ሄርንዌል ከማርዝቢ አራት ማይል ብቻ ትርቃለች» የሚል ነው። አራት ማይል፣ በውሃው ላይ። አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለካና ወንዙ ባሕር የሚገባበትን ያን ሁሉ ጭቃና ማዕበል እንደ ደረቅ መሬት ቆጠረው። በመኪና ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ወደ ድልድዩ ወጥቶ በማዶው በኩል መውረድ ስድሳ አንድ ማይል ነው። ማርዝቢ ደግሞ ከደቡቡ ምድብ ክለቦች ቅርቧ ናት፤ ሌሎቹ ከእሷ ወዲያ ናቸው።

የቀሩት ሰባት የኮሚቴ አባላት የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ባያውቁት አልፈርድባቸውም። አንተ ግን የተወለድከው እዚያው ውሃ ዳር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ጭቃው እስከ ወገብህ ውጦህ በገመድ የጎተትኩህ እኔ ነኝ።

በሰኔ ከጸሐፊያችን ከሞሪን ጋር ለይግባኝ መጣን። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠህ ነበር።

«ዊልፍ፣» አልኩህ፣ «ወደ ማርዝቢ በየት ነው የሚኬደው?»

ወረቀትህን አገላበጥክ። «ርቀቱ ሰነዱ ላይ ሰፍሯል፣ አቶ ትዌይት። ቅጂው እርስዎም ጋ አለ።»

ሃምሳ ዓመት ኢኖክ ስትለኝ ኖረህ በሰባት ሰው ፊት አንቱ አልከኝ። ቀጥሎ ሰብሳቢው ጊዜ አልቋል አለ። ሞሪን ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። «ተወው በቃ፣» አለችኝ መኪናው ጋ ስንደርስ፣ «ሰውየው እኮ ኮት ያለበሱት ጎመን ሆኗል።» አልሳቅሁም።

በነሐሴ፣ በሥራ ቀን፣ ወደ ማርዝቢ ሄድን። አምበላችን ሉዊስ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ግማሹን ጣሪያ ክፍት ትቶ ሲወርድ አሠሪው «ሌላ ቀን ከሄድክ እዚያው ቅር» አለው። በረኛችን ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ተራውን የሚይዝለት አጥቶ ቀረ። ሚኒባሱ ውስጥ ሉዊስ ራስ ቆጠረ።

«ስንት ሆንን?» አለው አንዱ።

«ዘጠኝ። ኢኖክን ሳንጨምር።»

«ጨምረው እንጂ። ከዴቭ ይፈጥናል።»

«ዝም በል አንተ ድንች፣» አለ ዴቭ፣ «ዛሬ ጎል የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ነው የማስገባው።»

ሰባት ለባዶ ተሸነፍን። የማርዝቢ ሰዎች ደግ ናቸው፤ ሻይና የሥጋ ኬክ ሰጡን። ከሜዳቸው ጫፍ ቆሜ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በውሃው ማዶ አየሁት። እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የተጸየፍኩህ። ስለ ሕመምህ አዝናለሁ፤ አንተን እጸየፍሃለሁ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

በጥቅምትና በኅዳር ሰው ስላልሞላልን ሁለት ፎርፌ ሰጠን። በደንቡ ሦስተኛው ከሊጉ ያሰርዘናል። ውድድሩ እስከሚያልቅበት እስከ ሚያዝያ ሰውን ከሥራው እየለመንኩ፣ እየተጨቃጨቅሁ ክለቡን አደርሰው ይሆናል። በዚሁ ምድብ ሌላ ዓመት ከጨመራችሁልን ግን ክለቡ የለም። ሉዊስም ሞሪንም ይህን ያውቃሉ፤ አንተም ታውቃለህ።

በደብዳቤህ ስለዚህ አንድ መስመር ጽፈሃል፤ «ለራሱ ክለብ አዳላ እንዳይሉኝ ዝም አልኩ» ብለህ። ያን አንብቤ ምሳዬን ለውሻው ሰጠሁት። በጠላት ፊት ዝም ብትል ፍርሃት እለው ነበር። የወለደህ ሰፈር ሲሰጥም በመልካም ስም ልትወጣ ዝም ማለትህ ግን ስም አላገኘሁለትም፤ ብቻ ይሸታል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ኮሚቴው ለመጪው ዓመት ድልድል በመጋቢት ይሰበሰባል፤ አንተም አሁንም አባል ነህ። በገዛ እጅህ ጻፍላቸው፦ «ርቀት የሚለካው ሰው በሚሄድበት መንገድ ነው፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» በል። ፈርምበት። ይቅርታ ጠይቀኝ አላልኩህም፤ ለእኔ ምንም አትላክ፣ ቅጂውን ለሞሪን ላክላት።

ይህን ካደረግህ፣ ቢሰሙህም ባይሰሙህም ቦታው ያንተ ነው። ሣሩን ራሴ ገልጬ አኖርሃለሁ፤ መልሼም እዘራበታለሁ። ካላደረግህ እኔ በሕይወት ሳለሁ በሩ አይከፈትልህም። ልጆችህ መጥተው ቢያለቅሱም አይከፈትም።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ መጻፍ አቃተኝ» ብለሃል። የእኔም ይንቀጠቀጣል፤ ይኸው አራት ገጽ ጻፍኩ። ካንተ የሚፈለገው ሁለት መስመር ነው።

ኢኖክ ትዌይት
የሄርንዌል ሜዳ ጠባቂ