«የተበላሸ» ያላችሁት ፎልደር

ውድ የትነበርሽ፣

ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ ጽሑፍ የሚደርስሽ በልጅሽ አፍ ስለሆነ፣ ይህንንም የምታነብልሽ አበቡ ናት። አበቡ፣ ለእናትሽ ስታነቢ አንድም ቃል እንዳታለሳልሺ። የትነበርሽ፣ ረቡዕ የደወልኩልሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፤ ስለ ኮላ ድባ ዝናብ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ፈራሁ።

ማራኪ፣ ቢሮዬ ያለውን አሮጌውን ሰርቨር አጸዳሁት። ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀሻቸው ትምህርቶች ጠፍተዋል። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር አስተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ዛሬም ወደዚያ ሰርቨር እንደሚመጡ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ከደጋው አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ሊጨመሩ ስለሆነ ቦታ አስፈለገ። ከሁሉ ብዙ ቦታ የያዘው «የተበላሸ» የሚል ፎልደር ነበር። ለዓመታት እያየሁት አልፌዋለሁ። የተበላሸ ነገር ምን ይሠራል ብዬ፣ አንዱንም ሳልከፍት ሰረዝኩት። በቦታው የራሴን የትምህርት አዘገጃጀት መመሪያ ከነቪዲዮው ጫንኩበት።

በማግስቱ ያ የአዘዞው የፊዚክስ አስተማሪ፣ ታከለ፣ ሊቀዳ መጣ።

«ምነው ጋሼ፣ የተበላሸው የት ሄደ?»

«ሰረዝኩት።»

«አይቀልዱ እንጂ!»

«መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነት ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ እኛ የምናስተምረው እኮ በሱ ነው። የየትነበርሽም ሥራ ሁሉ እዚያ ነበር፤ በፍላሽ እየተቀበልኩ የማስገባላት እኔ ነኝ። ስሙንም ያወጣችው እሷ ናት። ‹ሰውአገኝ ንጹሕ ነገር ካየ ሲበረብር ይውላል፤ የተበላሸ ካልነው ግን እጄ ይቆሽሻል ብሎ አይነካውም› ብላ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በናንተ ነው። ከጀርባዬ፣ እኔ በምጠብቀው ሰርቨር! ታከለ ላይ ጮህኩበት። እሱ ግን እስክጨርስ ሰምቶኝ፣ «እርስዎ ጋ ለእርማት የገባ መቼ ወጥቶ ያውቃል?» አለኝ።

የዋልካው ትምህርትሽ መጣብኝ።

ያኔ ትምህርት ቤቶቹ ከሰርቨሩ የሚገናኙት በስልክ መስመር ነበር። ከኮላ ድባ አንድ ትምህርት ለመላክ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ትቀመጫለሽ። ሊያልቅ ሲል ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ያለውን ስልክ አንስተው «ሃሎ!» ይላሉ፤ መስመሩ ይቆረጣል፤ አንቺም ከሀ ትጀምሪያለሽ። እንዲያ ደክመሽ፣ የደምቢያ ጥቁር አፈር በበጋ ለምን እንደሚሰነጠቅ የሚያስረዳ ትምህርት ላክሽ። እኔም «ዋልካ ሳይንሳዊ ቃል አይደለም፤ ይስተካከል» ብዬ መለስኩት። ማራኪ ድረስ መጣሽ።

«አያ ሰውአገኝ፣ ልጆቼ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዋልካው ጫማቸውን እየነጠቃቸው ነው የሚመጡት። ስሙን ካንተ ሊማሩት ነው?»

ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ «ሲስተካከል ይለቀቃል» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልላክሽልኝም። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «የትነበርሽ ሰንፋለች» ስል ኖርኩ። ለካ አንቺ ዓይንሽ እስኪደክም ስትጽፊ ነበር።

ባለሙያ አስመጣሁ። ሌላ ነገር ስለተጫነበት አይመለስም አለኝ። የተጫነበት ደግሞ የኔ መመሪያ ነው። ከዚህ የሚብስ ምን አለ? ታከለ እንደሚለው አንቺም ጋ ቅጂ አልቀረም፤ ከሱና ከሌሎቹ አስተማሪዎች ፍላሽ ላይ የተረፉት ጥቂት ናቸው። አንዱ የዋልካው ነው። ትናንት አነበብኩት፤ ያኔ ከዚያች ቃል አልፌ አላነበብኩትም ነበር። ልጆቹ ከየማሳቸው አፈር ይዘው እንዲመጡ፣ በውኃ ለውሰው ፀሐይ ላይ እንዲያሰጡት፣ ማታ ማታ ስንጥቁን በጣታቸው እንዲለኩት ታዣለሽ። እኔ ይህን ማሰብ አልችልም ነበር። ሸጋ ነው። የፊደል ስሕተትም አለበት። አልነካሁትም።

የደጋው ትምህርት ቤቶች መስከረም ሲከፈቱ ሰርቨሩ ላይ የሚያገኙት የኔን መመሪያ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አሁን ያለው አንቺ ውስጥ ነው፤ አንቺም ከእንግዲህ መጻፍ አትችይም። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ኮምፒውተሬን ይዤ እመጣለሁ። ከደጅ ብትመልሽኝ አልቀየምሽም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ። ካስገባሽኝ ግን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ። አበቡ ከጎኔ ትቀመጥና ቃልሽን ስለውጥ ካየችኝ እጄን ትምታኝ። ዋልካ ካልሽ፣ ዋልካ ብዬ እጽፋለሁ።

ሥራሽን ሳያነብ የመለሰው፣ ሳያነብም ያጠፋው፣

ሰውአገኝ