የጌትነት ኮድ የት ይደር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 3 ሰዓት

የቁይ ጤ/ጣቢያ ሪፖርት ተልኳል። የደጀኑ ይቀራል። መብራት አለ፤ ኔትወርክም አለ። ሁለቱ ባንድ ጠዋት ሲገናኙ ዕድል ነው ብዬ ኢሜይል ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩ።

የጤና ጣቢያዎቹን ካርድ የሚፈልገውን ፕሮግራማችንን፣ ኮዱን የምናስቀምጥበት ድርጅት ነው የጻፈው። ሥራውን ሁሉ ወደ ኤአይ እያዞረ ነው። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እሱ ዘንድ ከተቀመጠው ኮድ ኤአዩ ይማራል። ያልፈለገ እምቢ የሚለውን ይጫን። ልጫን ብል እኔ ጋ አይታይም። እምቢ ማለት የሚችለው የአካውንቱ ባለቤት ብቻ ነው። ባለቤቱ ጌትነት ነው።

ወንድሜ ከሞተ እሑድ ሳምንት ዓመት ይሞላዋል። እነሱ ግን ዛሬም "ውድ ጌትነት" ብለው ይጀምራሉ። ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ የደጀንን ሪፖርት ላክሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ማታ

ከአንተነህ ጋር ተጨቃጨቅን። አንተነህን ታውቂዋለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ የጌትነት የግቢ ጓደኛ፣ አሁን ደግሞ ብቸኛው የሥራ ሸሪኬ። ይማር ተዪው ይላል። ዕውቀት ሲሰጡት አያልቅም ይላል።

እኔ ኮዱን ከዚያ ድርጅት እናውጣ እላለሁ። እሱም ማውጣት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ ማስቀመጫ አግኝቷል። እዚያ ኮድ የሚያነብ፣ የሚያርም፣ የሚጽፍ የኤአይ ረዳት አለ። በየቢሮው ፕሮግራማችንን ስናሳይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኤአይ አለው ወይ ነው። የሦስት ሰው ሥራ ለሁለት ቀርቶብን ደክሞናል። ይህን አልክድም።

አንድ ችግር አለ። በነጻ የሚሰጠው ቦታ የዛሬውን ኮድ እንጂ የለውጦቹን ታሪክ አይችልም። ታሪኩ ማለት ጌትነት አንድ ነገር በለወጠ ቁጥር ለምን እንደለወጠው ባማርኛ የጻፈው ሁሉ ነው። ማን ያነበዋል ይላል አንተነህ። ሙት የሚታሰበው በተዝካር ነው እንጂ በኮድ አይደለም አለኝ።

እስከ ሙት ዓመቱ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። እሺ አለ፤ ለሙከራ ግን ታሪኩን ትቶ ኮዱን ብቻ እዚያ ሊያስገባ ነው። አልከለከልኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ረዳቱን አየሁት። ውሸት ምን ይሠራል፣ ጎበዝ ነው። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ዓመት ቀን እየተዛባ ስንት ጊዜ አስለቅሶናል። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አስተካከለው። ትሕትናውም ለብቻው ነው።

ከዚያ ኮዱን ማጽዳት ጀመረ። ይህ ትርፍ ነው፣ ይህ ድግግሞሽ ነው፣ ላንሣው? አንተነህ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ከሰዓት አዲሱን ለሁለቱም ጤና ጣቢያ ላክን።

ጌትነት ቢያየው በጣም ይደሰት ነበር። የጨነቀኝም ይኸው ነው። ምናልባት ከአንተነህ ጋር ይቆም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። 10 ሰዓት

ቁይ ደወለ። የካርድ ክፍሉ ጥሩሰው ነው፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

አንዲት ሴት ታማ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷ ስሟን ሙሉ ብላ አስመዘገበቻት። ፈለጉ፤ በዚህ ስም ካርድ የለም። አዲስ አወጡላት። ፔኒሲሊን ተወጋች። ፔኒሲሊን አይስማማትም። በአሮጌው ካርዷ ላይ በቀይ ተጽፎ ነበር፤ ካርዱ ግን የወጣው ደስታ ተብሎ ነው። ደስታ ስትዳር አማቷ ያወጣችላት ስም ነው። ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። በአምቡላንስ ወደዚህ ወደ ደ/ማርቆስ አምጥተዋታል።

ፕሮግራሙን ከፈትን። ጌትነት ከስም ቀጥሎ አንድ ቦታ አስቀምጦ ነበር፦ "አማት ያወጣችው ስም"። ሰው ሲፈለግ በሁለቱም ነበር የሚፈለገው። ረዳቱ ያንድ ሰው ስም ሁለት ቦታ መጻፉ ድግግሞሽ ነው ብሎ አንሥቶታል። አንተነህ እሺ ብሎታል። መረጃው አልጠፋም፤ መፈለጊያው ነው የጠፋው። ወዲያው ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወደ ድሮው መለስን።

ባገራችን የትኛዋ ባለትዳር ናት ባንድ ስም የምትኖረው? አንተነህ የደጀን ልጅ ነው። የገዛ እናቱ ሁለት ስም አላት። ራሱ ነው ይህን የተናገረው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሆስፒታል ሄድኩ። ተርፋለች። እግዚአብሔር ይመስገን። የፊቷ እብጠት ገና አልጎደለም። እናቷ በራስጌ፣ አማቷ በግርጌ ተቀምጠዋል። አንዷ ሙሉ ትላታለች፣ ሌላዋ ደስታ። ለሁለቱም ትመልሳለች።

የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ካርዱን የሚፈልገውን ፕሮግራም የሠራነው እኛ ነን አልኳቸው። ጥፋቱም የእኛ ነው፤ ነገርኳቸው። ታማሚዋ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። አማቷ በሌላ ሰው ላይስ አይደርስም ወይ አሉኝ። አይደርስም አልኩ። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው ክብደቱ የተሰማኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አንተነህ ቢሮ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።

የድሮውን ታሪክ ከፍቼ የዚያን ቦታ ምክንያት ፈለግኩ። አገኘሁት። እናታችን የታመመች ጊዜ ነው። የሺወርቅ ብለን ካርድ አስፈልገን አጣን፤ ኋላ የአባታችን እናት ባወጣችላት ስም፣ ብርቄ ተብሎ ተገኘ። ጌትነት ያን ቀን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር የጻፈው። ትዝ ይለኛል፤ ነርሷ መንገድ ዘግተሃል ብላ ተቆጥታዋለች።

ረዳቱ ላይ ልፈርድ አልቻልኩም። ይህን ቢያነብ ኖሮ ላንሣው ከማለቱ በፊት ይጠይቅ ይሆናል። ምክንያቱን ቆርጠን የጣልነው እኛ ነን።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሙት ዓመት። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ዋለ። ካህናቱ በክርስትና ስሙ ጠሩት፤ እናቴ ነጠላዋን በአፏ ይዛ እስከ መጨረሻው ቆመች። እኔ አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

አንተነህ ከጎሕ ጀምሮ የዕድሩን ወንበር ሲያመላልስ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ሰው ሲበተን እናቴ እግር ሥር ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራት። የጌትነትን ነገር እንደ ትርፍ ቆጠርኩት አላት። አልተቆጣችም። ልጄ የጻፈው አሁን የት ነው ያለው ብላ ጠየቀች። አንተነህ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ባሕር ማዶ ነው ይባላል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ቀትር

ወሰንን።

ኮዱ ከነታሪኩ እዚህ ቢሮ፣ በራሳችን ማሽን ላይ ይቀመጣል። አንተነህ ጠዋት የቤቱን ባትሪ ተሸክሞ መጣ፤ መብራት ቢጠፋ እንዳይቆም። በየቅዳሜው አንድ ቅጂ በፍላሽ ደጀን እናቱ ቤት ይገባል። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ጌትነት እንዲሁ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ዓባይን ይሻገር ነበር። ረዳቱን አንተወውም፤ ያለ እሱ አንችልም። ነገር ግን መጀመሪያ ታሪኩን ያነባል፤ እሺ የምንለውም ሁለታችን አንብበን ነው።

የድሮው ቅጂ ያ ድርጅት ዘንድ ይቀራል። ማጥፋትም የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ይማሩበት እንግዲህ። ሁለት ስም ያላት ሴት እንዳለች ቢማሩ አይከፋም።

እናቴ ምሳ ይዛልን መጣች። ወንበር ሰጠናት። የት ነው አለች፤ ማሽኑን አሳየኋት። እጇን ጫነችበት፤ ይሞቃል አለች። ምን ብሎ እንደጻፈ አንብቡልኝ አለች። ስክሪኑን ወደ አንተነህ አዞርኩት። አንተነህ አነበበ፦

"እናቴን የሺወርቅ ብለው ቢጠሯትም፣ ብርቄ ብለው ቢጠሯትም ትመጣለች። ስለዚህ በሁለቱም ፈልጓት።"

እናቴ አቤት አለች። ለአንተነህ አልነበረም።