የዳማ ጀርባ

እሑድ፣ የካቲት 8

የፈረሳችን የዳማ ጀርባ መቁሰሉን ጠዋት አይቼ ነበር። ታላቅ እህቴ ጫልቱም «ዛሬ ትረፍ፣ ኮርቻ እንዳትጭንባት» ብላኛለች። ግን ለዕረፍት መጥተው በፈረስ መንሸራሸር የፈለጉት እንግዶች አራት ነበሩ፣ ፈረሶቻችንም አራት። ቁስሉ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ጫንኳት።

ከለቡ ወደ ኮረብታው ስንወጣ ዳማ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምነው ትቁነጠነጣለች?» አለችኝ።

«አመሏ ነው፣ አይስጉ» አልኳት።

ተመልሰን ኮርቻውን ሳወርድ ብርድ ልብሱ በደም ርሷል። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እያወቅክ ነው ያስቀመጥከኝ?»

«የጫነቻት እህቴ ናት» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ጫልቱ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር። አላጋለጠችኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። ከዚያ ውሃ በጨው አሙቃ ቁስሉን ማጠብ ጀመረች።

እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው እስኪሄዱ ድረስ ልጓም የምጠርግ መስዬ ቆምኩ።

ማታ ጫልቱን ይቅርታ ልላት ሁለት ጊዜ ወደ ጋጣው ሄጄ ከደጅ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። የወጣኝ ቃል ግን «እራት ቀርቧል» ብቻ ነው።

ቀና ሳትል «አንተ ብላ» አለችኝ።

በላሁ።